ጋሼ ሀመሶ ጨረቃን ያሳዩን ምሽት

ስልኬ ሲጮህ እርጥብ ጨርቅ ይዤ የግቢውን ወንበሮች እየወለወልኩ ነበር። ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው፤ በሐይቁ በኩል ያለው ሰማይ ቀልቷል፤ ጨረቃዋ ግማሽ ሆና ከአናታችን በላይ ቆማለች። የደወለው ማቴዎስ ነበር፣ የአከራዬ የጋሼ ሀመሶ የወንድም ልጅ።

«ታንጉት፣ ጋሼ አጠገብሽ ናቸው?»

«አዎ፣ ቴሌስኮፓቸውን እያወጡ ነው። ምነው፣ ሰላም ነህ?»

«እስቲ ራቅ በይ።»

ከውኃው ሮቶ ጀርባ ዞርኩ። የሮቶው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ጠብታው ጫማዬ ላይ ሲያርፍ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«ዳዊት የተሳፈረበት መኪና ተገልብጧል። ሆስፒታል ነን» አለኝ። ድምፁ ተቆራረጠ፣ ጠፋ፣ ተመለሰ። «ጋሼ ዛሬ ምንም እንዳይሰሙ። ሰው ደውሎ እንዳያስደነግጣቸው ስልካቸውን በሆነ ዘዴ ያዥልኝ። እራት ይብሉ፣ ይተኙ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

«አንቺ ጠንቃቃ ነሽ። ለዚህ ነው ላንቺ የደወልኩት።»

ስልኩ ተዘጋ።

መጠየቅ የነበረብኝ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። «ነፍሱ አለች?» አልጠየቅሁም። በእኛ ዘንድ ይህ አይጠየቅም። ሰው «ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ» ካለ ነገሩ አልቋል፤ ለሕያው ሰው ሽማግሌ አይሰበሰብም። ቃሉን ከአፉ ጎትቶ ማውጣት ደግሞ ነውር ነው። እዚያው ከሮቶው ጀርባ አማተብኩና «ነፍሱን ይማር» አልኩ። ፊቴን በቧንቧው ውኃ ታጥቤ ወደ ግቢው ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የደባርቅ ልጅ ነኝ። ለሥራ ሐዋሳ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ከከተማው ወጣ ብሎ በቡሹሎ መንገድ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በላብራቶሪ ባለሙያነት እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ በሰው ደም ውስጥ ወባ ስፈልግ እውላለሁ። አንድን ስላይድ ሁለት ጊዜ ሳላይ ውጤት ጽፌ አላውቅም። ባልደረቦቼ «የታንጉት ሁለተኛ እይታ» እያሉ ያሾፉብኛል። ጾሜን፣ ስግደቴን፣ ቤተ ክርስቲያኔን አላጓድልም። ዘመድ በሌለበት አገር ሰው የሚጠበቀው በሥርዓት ነው ብዬ አምን ነበር።

የሞትን ወሬ በሥርዓቱ ማርዳት ምን ማለት እንደሆነም በራሴ ላይ ደርሶ አውቀዋለሁ። አባቴ ደባርቅ ሲያርፍ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ቀን ሰምተው፣ ማታውን አብረውኝ እራት በልተው፣ እያሳቁኝ አምሽተው፣ ጎህ ሲቀድ መጥተው አረዱኝ። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ደባርቅ ሁለት ቀን መንገድ ነው፣ ቀኑን ቢነግሩኝም አልደርስም ነበር። ታዲያ ያኔ አመስግኛቸዋለሁ። «አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሰጣችሁኝ» ብያቸዋለሁ። ከልቤ ነበር።

ጋሼ ሀመሶ ፒያሳ ውስጥ ትንሽ የመነጽር ሱቅ አላቸው፤ ሌንስ እየሞረዱ ከክፈፍ ጋር ሲያገጥሙ ነው የኖሩት። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ያላቸው ልጅ ዳዊት ብቻ ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ በገጠር ከተሞች የሶላር መብራት የሚገጥም ቴክኒሺያን። ቴሌስኮፑን የሠሩት አባትና ልጅ ናቸው። መስታወቱን ጋሼ ከወፍራም መስታወት ቆርጠው ማታ ማታ በእጃቸው ሁለት ዓመት ሞረዱት። ዳዊት ከቧንቧ ነጋዴ ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ ገዝቶ በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስሮ አመጣው። ማቆሚያውን ከእንጨት አንድ ላይ ሠሩት። በቱቦው ጎን ላይ ዳዊት በወፍራም እስክሪብቶ «አይነካም፤ ይታያል» ብሎ ጻፈበት፣ የግቢው ሰው ሁሉ ጣቱን እየቀሰረ በነካካ ጊዜ።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ አልደረስኩም። በልጅነቴ ኮከብ መቁጠር ኃጢአት ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ኮከብ ቆጣሪ ቤት የሄደች ጎረቤታችን ስሟ በሹክሹክታ ነበር የሚነሳው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አይቀየሙም፣ ይስቃሉ።

«ልጄ፣ የሚቆጥራቸው እኮ እሱ ነው። እኔ መቼ ቆጠርኩ? ቁጥር እንኳን ሱቅ ውስጥ ይጠፋብኛል» ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ «አያቴ አያንቶ ነበሩ፤ ሰማይ አይተው የፊቼ በዓል የሚውልበትን ቀን ለሲዳማ ሕዝብ የሚያሳውቁ ሰው። እኛ ጴንጤ ስንሆን ማየቱም አብሮ ከቤታችን ወጣ። እኔ የማየቱን ብቻ ልመልስ ብዬ ነው» አሉኝ።

በመጨረሻ ያሸነፈኝ ዳዊት ነው። ከዚያ ምሽት ሁለት ሳምንት በፊት ለሥራ ሲወጣ ደጃፌ ላይ ቆሞ «እህቴ፣ አንቺ ታች ታያለሽ፣ አባቴ ላይ ያያል። አንድ ቀን ተለዋወጡ እንጂ!» አለኝ። «ሐሙስ እመለሳለሁ። ጨረቃ ግማሽ ትሆናለች፣ ሳተርንም ከእሷ ብዙ አትርቅም። ሐሙስ ካላየሽ እኔ ዳዊት አይደለሁም።» ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «የፈጣሪን ሥራ ማየት ከተከለከለ ዓይን ለምን ተሰጠን?» ብለው ሳቁብኝ። «እሺ፣ ሐሙስ» ብዬ ቃል ገባሁለት።

ያ ምሽት ሐሙስ ነበር።

ከሮቶው ጀርባ ስመለስ ጋሼ የቱቦውን ክዳን ከፍተው መስታወቱ ላይ አቧራ መኖሩን እያዩ ነበር። ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰዋል። ለቴሌስኮፕ ሱፍ! «ልጄ ሲመጣ ደስ ይበለው ብዬ ነው» አሉ። የበር ላይ ሱቋ ባለቤት እትዬ አስቴር በርጩማዋን ይዛ መጥታለች። ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሰሚራም አለች፣ የጅማ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

«ዳዊት የት ደርሶ ይሆን?» አሉ ጋሼ ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ። «ቅድም አልተነሳልኝም። አንዴ ልሞክረው።»

«ጋሼ፣ ስልክዎን ይስጡኝ እስቲ፤ ጨረቃዋን በመነጽሩ ፎቶ ላንሳበት» አልኩ ሳላስበው።

እትዬ አስቴር ሳቀች። «በጋሼ ስልክ? በዚያ ስልክ ፎቶ ከምታነሺ በኔ ድስት ክዳን ብታነሺ ይሻላል!»

«ተያት፣ ዛሬ የሷ ቀን ነው» ብለው ሰጡኝ።

ፊቴን አዙሬ አጠፋሁት። ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ማድረግ የሚገባኝን እያደረግሁ እንደነበር አልተጠራጠርኩም።

መጀመሪያ እትዬ አስቴር ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ጨረቃዋ ከአናታችን በላይ ስለነበረች ቱቦው ሽቅብ ቆሟል፣ ዓይን የሚጠጋበት ትንሿ መነጽር ደግሞ በቱቦው ጎን ወደ ላይ ናት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር የጎረቤት ቤት አያሳይም?»

«ያሳያል፣ ግን ገልብጦ ነው። ባሎች ሁሉ ተዘቅዝቀው ሲገቡ ታያለሽ።»

«እሱንማ ያለ መነጽርም አይቼዋለሁ!»

ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ፤ ዝም ብል እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ።

ሰሚራ ተራዋ ሲደርስ «ሱብሐነላህ!» ብላ ዓይኗን አነሳች፣ በባዶ ዓይኗ ጨረቃዋን አየች፣ እንደገና ወደ መነጽሩ ተመለሰች። «ሸሸችብኝ እኮ ጋሼ።»

«እሷ አልሸሸችም። የሄድነው እኛ ነን፤ ምድር አትቆምም» አሉና ቱቦውን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። ያ የአንድ ጣት ግፊት ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሌንስ ሲሞርዱ የኖሩ እጆች ናቸው።

«ነይ ታንጉት፣ ተራሽ ነው።»

ወጣሁ። እንደ ሥራዬ ልማድ ሁለቱንም ዓይኖቼን ከፍቼ በቀኙ አየሁ። ጋሼ ደነቃቸው፤ «አያችሁ? ባለሙያ እንዲህ ነው! እናንተ አንዱን ጨፍናችሁ ፊታችሁን ታጨማድዳላችሁ።»

ጨረቃዋ እንደማውቃት አልነበረችም። ፈንጣጣ እንዳለፈበት ፊት ጉድጓድ በጉድጓድ ናት። ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥላ ተቆርጦ የተቀመጠ ይመስላል። ከጠርዙ አልፎ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻዋን ታበራለች።

«ያቺ ነጥብ ምንድን ናት ጋሼ?»

«አገኘሻት? የተራራ ጫፍ ናት። ለጫፉ ነግቶለታል፤ ከሥሩ ላለው ሜዳ ግን ገና ጨለማ ነው። ንጋቱ እየመጣ ነው፣ ሜዳው አያውቅም።»

እንባዬ መጣ። መነጽሩ ደበዘዘብኝ። ጋሼ ክንዴን ይዘው አወረዱኝ። «አይዞሽ። እኔም የመጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ። ዳዊት እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።» ከሱፋቸው ኪስ የሱቃቸውን የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ አውጥተው ሰጡኝ።

ከዚያ ወደ ሳተርን አዞሩት። ያየሁት አንዲት ደብዛዛ ቢጫ ዶቃ ነው፤ መሐሏ ላይ ቀጭን ክር በቀጥታ ያለፈባት። በሥዕል ሳየው የኖርኩት ሰፊ ቀለበት የለም።

«ዘንድሮ ቀለበቷ ጠርዙን ወደኛ አዙሮ ቀጥኗል» አሉ ጋሼ። «ከጥቂት ዓመት በኋላ መልሳ ትከፍተዋለች። ያኔ ዳዊትም አግብቶ ይወልዳል። የሱን ልጆች እዚህ ወንበር ላይ አቁመን እናሳያቸዋለን።»

«አሜን» አለች እትዬ አስቴር።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አለፈ። እትዬ አስቴር ሱቋን ልትዘጋ፣ ሰሚራ ልታጠና ሄዱ። ጋሼ ግን ቴሌስኮፑን አላስገባም አሉ። «መናኸሪያ ደርሶ ባጃጅ ይዞ ይሆናል። ልጄ ቃሉን አያጥፍም። አንቺ ስልኬን አምጪው እስቲ።»

እዚያ ላይ ዋሸሁ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ለካ ሳልነግርዎት። ዳዊት ለኔ ደውሎ ነበር። ሥራው አላለቀለትም። ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው።»

«ነገ? ታዲያ ለምን ለኔ አልደወለም?»

«የርስዎ እምቢ ብሎት ነው። ኔትወርክ ነው። ፎቶ ሳነሳበት ደግሞ ባትሪው አለቀ፤ ቻርጅ ላድርግልዎት።»

ትከሻቸው ወረደ። «አንቺ ካልሽ ይሁን» አሉ። ለሱ ሲሉ የለበሱትን ሱፍ አወለቁና ቱቦውን አብረን ተሸክመን አስገባን። እራት አቀረብኩላቸው፤ እንዲበሉ ለመንኳቸው፤ ነገ እህል እንደማይቀምሱ አስቤ። ከመብላታቸው በፊት ጸለዩ። «ልጄን በመንገዱ ጠብቀው» አሉ። እኔም «አሜን» አልኩ። ማን ይህን «አሜን» ይሰርዝልኝ?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ቀድሜ ለብሼ ተቀምጬ ነበር፤ ጋሼ ግን ቀደሙኝ። «ዳዊት ነው!» እያሉ በጋቢ ወጥተው በሩን ከፈቱ። ማቴዎስና አምስት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ቆመዋል። ጋሼ አንድ በአንድ አዩአቸው። እሳቸው ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ስንት ጎህ እንዲህ ተሰልፈው የሰው በር አንኳኩተዋል።

«ተሳስታችሁ እንዳይሆን» አሉ ቀስ ብለው። «የማን ቤት ነው የምትፈልጉት?»

የዚያን ቀን ለቅሶ አልጽፈውም፤ አልችልም። ዳዊት ከሰዓት በኋላ መጣ፣ በሣጥን። እኔ «ነገ ይመጣል» ብዬ ነበር፤ መጣ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ውኃ ሳቀርብ ማቴዎስ አንድ ጥግ ተቀምጦ አገኘሁት። ሌሊቱን ሁሉ ልቤን ሲበላኝ የነበረ ነገር ነበር፤ ከሣጥኑ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ያየሁት ሰዓት ማቴዎስ ከደወለልኝ ሰዓት ጋር አልገጥም አለኝ።

«ማቴዎስ፣ ዳዊት መቼ ነው ያረፈው?»

«ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ።»

«ስትደውልልኝ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር እኮ።»

አንገቱን ደፋ። «ያኔማ ያወራ ነበር። ሐኪሞቹ ለብቻዬ ጠርተው ውስጡ ተጎድቷል፣ ተስፋ የለውም አሉኝ። ጋሼ በዚያ ሁኔታ ቢያዩት ልባቸው አይችልም አልኩ። ሁሉንም ቀድሜ ላዘጋጅ ብዬ …»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ሆስፒታሉ ከሐዋሳ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ጨረቃዋን ለማየት ወንበር በምንደረድርበት ሰዓት ጋሼ መኪና ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ሁለት ሰዓት ላይ ልጃቸው አጠገብ ነበሩ። አራት ሰዓት ሙሉ እጁን ይዘው መቀመጥ ይችሉ ነበር።

የደም ጠብታ ሁለት ጊዜ የማየው እኔ፣ ሰውን አንድ ጊዜ እንኳን ሳልጠይቅ ቀበርኩት።

ማቴዎስ የቀረውንም ነገረኝ። እሱ ደም የሚሰጥ ሰው ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ከዳዊት አጠገብ ባለው አልጋ የተኛ ሽማግሌ የምታስታምም አንዲት ሴት ተቀምጣ፣ በጥጥ ከንፈሩን ታረጥብለታለች። «ልጁ አባቱን ነው የሚጠራው። በኔ ስልክ ሞከርንለት፣ ዝግ ነው አለ» አለችው። ሌላም ልትነግረው የጀመረችው ነገር ነበር፣ ዳዊት ያለውን። ማቴዎስ ግን ሐኪም ሲጠራው ትቷት ሮጠ። ሲነጋ ሴትየዋ በሽተኛዋን ይዛ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄዳለች። ስሟን አልጠየቃትም።

በዚያች ቅጽበት እጄን ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። የጋሼ ስልክ ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ነበር። በለቅሶው ውስጥ የፈለገው ሰው የለም። ከፈትኩት። ከአንድ የማናውቀው ቁጥር ሦስት ጊዜ እንደተደወለ የሚናገሩ መልእክቶች ገቡ። የመጀመሪያው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው። ያኔ እኔ ወንበሩ ላይ ቆሜ ሳተርንን እያየሁ ነበር።

እዚያው ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም።» ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላውቅም። ያው ድምፅ ነው።

ለጋሼ ልንገር አልንገር ብዬ አንድ ሌሊት ተሟገትኩ። ደግሞ እስኪነጋ መጠበቄን ሳስተውል ተነሳሁ። ገና ጨለማ ነበር፤ እሳቸውም አልተኙም። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ውሸቱን፣ ሳቄን ሳይቀር።

«ቴሌስኮፑን አብረሽኝ ስታስገቢ ታውቂ ነበር?» አሉ።

«ሞቷል ብዬ ነበር የማውቀው፣ ጋሼ።»

«ውጪ» አሉኝ። ጮኸው አይደለም።

አርባ ቀን እስኪሞላ ድረስ አላነጋገሩኝም። ዕቃዬን አስሬ ልለቅ ስል ደጃፌ ላይ መጥተው ቆሙ። ከስተዋል። «የት ልትሄጂ ነው? እዚህ ማን አለሽ?» አሉ። ቀጠሉና «እኔ ስንቱን ሰው አስተኝቼ አርድቻለሁ። አንዲት እናት ነበረች፤ ቀን የባሏን ሞት ሰምተን፣ ማታ ልጇ ታጭታላት ስትደሰት አብረናት ዘምረናል፤ ጠዋት አረዳናት። ምን ተሰምቷት እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም። ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ግን ገና አልችልም፣ ልጄ። ስችል እነግርሻለሁ» አሉኝ። ዕቃዬን ፈታሁ። እየጠበቅሁ ነው።

ቴሌስኮፑ በጋቢ ተሸፍኖ ሳሎኑ ጥግ ቆሟል። «አይነካም፤ ይታያል» የሚለው ጽሑፍ ከጋቢው ሥር በግማሽ ይወጣል። ጋሼ ወደ ሰማይ ማየት ትተዋል። አንድ ቀን ብቻ ማቴዎስን ጠርተው «የዳዊት አልጋ በመስኮት በኩል ነበር?» ብለው ጠየቁት። አዎ አላቸው። «መስኮቱ ወደየት ያያል?» ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ነው አላቸው። ጋሼ ጣታቸውን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ አሰቡ። «እንግዲያው እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ጨረቃዋ ትታየው ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ መኝታቸው ገቡ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሥርዓታችንን ላዋርድ አልተነሳሁም። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይሰማ፣ በሌሊት እንዳይወድቅ ተብሎ በፍቅር የተሠራ ነገር ነው። ግን ስለ አባቴም እንደገና አስባለሁ። ያኔ የሰጡኝን እንቅልፍ ዛሬ ማንም ቢጠይቀኝ እመልሰዋለሁ፤ እናቴ ጋ ደውዬ አብሬያት የማለቅስበት አንድ ሌሊት ይሻለኝ ነበር። ንስሐ አባቴ ስለ ውሸቴ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰግጃለሁ። ያልጠየቅኳት ጥያቄ ግን ስግደት የላትም። አሁን ስልክ ሲደወልልኝና ሰው መንተባተብ ሲጀምር እጠይቃለሁ፤ «ነፍሱ አለች?» እላለሁ። ነውረኛ ያሉኝ አሉ። ይበሉኝ።

የመጨረሻው ቃሌ በዚያ ሐሙስ ምሽት በዚያ የሆስፒታል ክፍል ለነበራችሁ ነው። ከሁሉ በላይ ላንቺ፣ ሽማግሌ ታስታምሚ ለነበርሽው፣ በጥጥ ከንፈሩን ላረጠብሽለት እህቴ። ዳዊት ምን አለ? አባቱን ሲጠራ ምን ሊነግረው ነበር? ጨረቃዋን አይቷታል? ስልኩ ዝግ ነው ሲባል ምን መሰለው? ክፉም ቢሆን፣ አባቱን ተቀይሞ ቢሆንም፣ እንዳለ ንገሪን። አታለስልሺው። ሽማግሌ አትፈልጊ። እስኪነጋም አትጠብቂ።

ቁጥሩን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያን ምሽት ሦስት ጊዜ ደውለሽበታል። የጋሼ ስልክ ከዚያ ወዲህ ተዘግቶ አያውቅም።